ገንፎው ደርሶ ልጁ የቀረ ዕለት

ያልፀነስኩትን ልጅ ልወልድ ነው ተብሎ የመንደሩ ሴት በሙሉ ገንፎ ሊያዘጋጅልኝ ተሰብስቦ ያውቃል። ዛሬ ይህን ሳወራ የልጅ ልጆቼ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። ያን ቀን ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ። ከዓለም ከተማ ብዙ በማይርቅ፣ ማሽላና ጤፍ በሚበቅልበት ሞቃት ቀዬ ነው ያደግሁት። በንጉሡ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ መንዝ ውስጥ ቀየት አጠገብ ላለ ቤተሰብ ተዳርኩ። በበቅሎ ቆላውን ወርደን፣ ወንዙን ተሻግረን፣ ያንን ዳገት ስንወጣ ብርዱ ከሠርገኛው ቀድሞ ተቀበለኝ። ባሌ ተሾመ ወታደር ነበር። በጥር ተጋባን፤ የካቲት ሳይጋመስ ወደ ጦሩ እንዲመለስ ጥሪ ደርሶት ወደ ሐረር ሄደ። ሙሽሮች የሴቷን ወላጆች የሚጠይቁበት መልስ እንኳ አልተደረገም። "ለፋሲካ ይመጣል፣ ያኔ ትሄዳላችሁ" ተባለ። ፋሲካ መጣ፣ ተሾመ አልመጣም። ከዚያ ክረምቱ ገባ፤ ወንዙ ሞላ፤ መንገዱ ተዘጋ። እኔና የባሌ እናት ሁለታችን ብቻ በዚያ ሰፊ ቤት ውስጥ ቀረን።

እመይቴ አሰለፈች ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በጎቻቸውን ሲጠሩ ማዶ ያለው ጎረቤት "አቤት" የሚል ሴት ነበሩ። እኔን ግን ክፉ ተናግረውኝ አያውቁም። በገባሁ ማግስት በአገሩ ልማድ አዲስ ስም አወጡልኝ፤ ብርቄ አሉኝ። የራሴ ስም ዘርፌ ነው። ስሙን ሲጠሩት እንኳ ድምፃቸው ይለሰልስ ነበር።

እንግዲህ የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። በእኛ ጊዜ ሙሽራ አማቷ ፊት አፏን አትከፍትም። ድምፅ አውጥታ አትናገርም፤ እስክትጠግብም አትበላም። ስትጠየቅ በራሷ ትመልሳለች፤ ሲበላ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ እጇን ትሰበስባለች። ይህ የሚቀረው ባሏ ባለበት አማት ስጦታ ሰጥታ "በይ እንግዲህ ተናገሪ፣ ብዪ" ስትላት ነው። አፍ ማስከፈቻ ይባላል። በሌላው ቤት ከጥቂት ሳምንት አያልፍም። እኔ ዘንድ ግን ባልየው ሐረር ነው። እመይቴ ደግሞ ወግ አጥባቂ ናቸው፤ ልጃቸው ሳይኖር አያደርጉትም። ስለዚህ እኔ ወር አልፎ ወር ሲተካ ሙሽራ ሆኜ፣ አፌ እንደተለጎመ ቀረሁ።

የፋሲካ ማግስት፣ ተሾመ እንደማይመጣ ቁርጡ የታወቀ ዕለት፣ እመይቴ ጎረቤት ሄደው ብቻዬን ነበርኩ። ጉሙ ቤት ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረውም። ሆዴን ባር ባር ብሎኝ ጓዳ ገባሁና የጭኮውን ማሰሮ ከፈትኩ። ጭኮ የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ የሚሠራ ነው፤ ሲያሸቱት ብቻ ሰውነት ያሞቃል። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ እናቴ ትዝ አለችኝ። እሑድ እሑድ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ እንድሠራት ጭኔ ላይ ጋደም ትል ነበር። ያ ሽታ ነው። ቆሜ በላሁ። እያለቀስኩ በላሁ። ከዚያ አፌን አብሼ ወጣሁ፤ ለዚያን ቀን ደህና ሆንኩ።

ለዚያን ቀን ብቻ! በማግስቱ ደግሜ ገባሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ሲከፋኝ ጭኮ፣ ሲበርደኝ ጭኮ፣ የሚያናግረኝ ሳጣ ጭኮ፤ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ጾም ስለሆነ ቆሎና በሶ። ማዕድ ላይ ሁለት ጉርሻ የምጎርሰው ጨዋ ሙሽራ፣ ጓዳ ውስጥ ሌላ ሰው ነበርኩ። ርቦኝ አይደለም። ጠግቤም እበላ ነበር። ሐምሌ ሲገባ መቀነቴ አልደርስ አለኝ፤ ምንጭ ወርጄ ስመለስ ትንፋሼ ይቆራረጣል፤ ጉልበቴ ይንቋቋል፤ ቃሩ ደረቴን ያቃጥለዋል።

የመንደሩ ሰው ምን አለ? ምን ይበል! በጥር የተዳረች ልጅ በሐምሌ ሆዷ ከገፋ ሌላ ምን ይሆናል? "እሰይ፣ ማርያም ትቅረብሽ!" ይሉኛል ሲያገኙኝ። እኔ አንገቴን እደፋለሁ። ሙሽራ ሌላ ምን ታደርጋለች? አንገት መድፋቴ "አዎን" ሆኖ ተቆጠረ። እመይቴማ የጭኮው ማሰሮ ሲጎድል አይተዋል። "አምሮት ነው" ብለው አንድም ቃል ሳይተነፍሱ እየሞሉ ያስቀምጡልኝ ጀመር። እሳቸው አፍረው አይጠይቁኝ፣ እኔ አፍሬ አልነግራቸው፤ እሳቸው ሲሞሉ እኔ ሳጎድል ክረምቱ አለፈ።

እኔ እንዳልፀነስኩ አውቃለሁ። ሴት የሚያየውን ነገር በየወሩ አያለሁ፤ ልብሴን ተደብቄ አጥባለሁ። ግን በምን አፌ ልናገር? በመጀመሪያ አፈርኩ። ቀጥሎ ደግሞ እመይቴ ጥጥ ሲፈትሉ ለብቻቸው ሲያንጎራጉሩ ሰማኋቸው፤ ለሕፃን መታቀፊያ ነበር የሚፈትሉት። ደስታቸውን ማፍረስ አቃተኝ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቅዞ ዱቄት ሆኖ ነበር።

በጥቅምት አንድ ነጋዴ ከደብረ ብርሃን ወሬ ይዞ መጣ። ተሾመ ሚስቱ ልትወልድ መሆኑን ሰምቶ ፈቃድ ጠይቆ ተሰጥቶታል፤ መንገድ ላይ ነው። እመይቴ እልል አሉ። "እንግዲያው የገንፎውን እህል ሐሙስ እናዘጋጅ" ብለው ለጎረቤት ሁሉ ላኩ። እኔ ጓዳ ገባሁ። ምን እንዳደረግሁ ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ።

ሐሙስ ገና ውርጩ ሳይሟሽሽ ሴቶቹ መጡ። ገብሱን የሚለቅመው ይለቅማል፣ የሚቆላው ይቆላል፣ የሚወቅጠው ይወቅጣል። የሺ የምትባል ጎረቤታችን፣ ምላሷ እንደ ዘነዘናው የማያርፍ ሴት፣ "ይኸ ልጅ በእናቱ ሆድ እያለ ይኸን ያህል ከገዘፈ ሲወጣማ በቀጥታ እርሻ ነው የሚገባው!" እያለች ታስቃቸዋለች። እኔ ጥግ ላይ ተሸፋፍኜ ተቀምጬ በልቤ "አንቺ ድንግል፣ ዛሬን ብቻ አሳልፊኝ" እላለሁ። ዛሬን ብታሳልፈኝ ሰሞኑን ተሾመ ይመጣል። ከዚያስ? ያልተወለደ ልጅ ከየት ይመጣል? አታላይ ተብዬ ወደ አባቴ ቤት እንደምላክ እርግጠኛ ነበርኩ።

ረፋዱ ላይ እማማ ጥሩዬ መጡ። የመንደሩ አዋላጅ ናቸው፤ ተሾመንም ያዋለዱት እሳቸው ናቸው። እመይቴን "አንቺ" የሚሉ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

"እስቲ ይቺን ልጅ ወደ ጓዳ አምጡልኝ፤ ሆዷን ልሽላት" አሉ።

ከተቀመጥኩበት አልነሣ አልኩ። ሁለት ሴቶች ደግፈው አስገቡኝ፤ እነሱ የእርግዝናው ክብደት መስሏቸው ነው። እማማ ጥሩዬ እነሱን አስወጥተው መደቡ ላይ አስተኙኝ። ቅቤ በመዳፋቸው አሙቀው ሆዴን ማሸት ጀመሩ። እጃቸው ሻካራ ነው፤ ግን ይሞቃል። ከእናቴ ከተለየሁ ወዲህ እንዲያ ዳብሶኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ዓይኔን ጨፍኜ እንባዬ በጆሮዬ በኩል ይወርዳል።

"ይኸ ልጅ እንቅልፋም ነው" አሉ መጀመሪያ። በቀኝ በኩል ያዙ፣ በግራ በኩል ያዙ። ከታች ወደ ላይ ዳሰሱ። ከዚያ እጃቸው ቆመ። ውጭ ሙቀጫው ይወቀጣል፤ ሳቅ ይሰማል። እሳቸው ግን ፊቴን ብቻ ያያሉ።

"ልጄ፣ ያመሻል?"

አያመኝም ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ።

"በየወሩ ታያለሽ?"

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ከዚያ በራሴ አዎን አልኳቸው። አልተቆጡኝም። ነጠላዬን መልሰው አለበሱኝና በሩን ከፈት አድርገው "አሰለፈች! ነይ እስቲ" አሉ።

እመይቴ እጃቸው ዱቄት እንደነካ ገቡ። የእማማ ጥሩዬን ፊት ሲያዩ ደነገጡ።

"ምነው? ተገለበጠ እንዴ?"

"አልተገለበጠም። የለም።"

"ሞተ? ኧረ በእመቤቴ!"

"አልሞተም። አልነበረም።"

እመይቴ እዚያው ጎታው ሥር ቁጭ አሉ። ዱቄቱን ከጣታቸው ላይ አንድ በአንድ ያራግፋሉ። እኔ መደቡ ላይ ተኮራምቻለሁ። "አሁን 'ውጪልኝ' ይላሉ" ብዬ ነው የምጠብቀው።

"ብርቄ፣ ታውቂ ነበር?" አሉኝ በመጨረሻ።

በራሴ አዎን አልኩ።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

 እማማ ጥሩዬ መለሱልኝ። "በምን አፏ ትንገርሽ አሰለፈች? አፏን መች ከፈትሽላት? ልጅቷን ከጥር እስከ ጥቅምት ሙሽራ አድርገሽ አስቀምጠሽ!"

"ተሾመ ይምጣና በወጉ አደርገዋለሁ ብዬ እኮ ነው…" አሉ እመይቴ። ድምፃቸው መሐል ላይ ተሰበረ። ማዶ የሚሰማው ያ ድምፅ ነው እንግዲህ።

ከዚያ ያላሰብኩትን አደረጉ። ሁለት እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሰደዱና የብር ጉትቻቸውን ፈቱት። መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ጉትቻውን መዳፌ ላይ አድርገው ጣቶቼን አጠፉልኝ።

"አፍ ማስከፈቻሽ ይኸውልሽ። ወጉ ይቅር። በይ ልጄ፣ ተናገሪ።"

አፌን ከፈትኩ። ከዘጠኝ ወር በኋላ የመጣልኝ ቃል አንድ ብቻ ነበር።

"እናቴን" አልኩ።

እና አለቀስኩ። እንዴት ያለ ለቅሶ መሰላችሁ! ጭኮ እየበላሁ አፍኜ የዋጥሁት ሁሉ ወጣ። እመይቴ ጭናቸው ላይ አስተኝተው ፀጉሬን ይዳብሳሉ። ትንሽ ጋብ ሲልልኝ "ጭኮውስ? እኔ አምሮት መስሎኝ ነበር'ኮ" አሉ።

"ቅቤው እናቴን እናቴን ይሸተኛል" አልኳቸው። "ስበላ ያለች ይመስለኛል። ስጨርስ ግን የለችም። ስለዚህ እደግማለሁ።"

እመይቴ ፀጉሬን መዳበሳቸውን አቆሙ። "እና እኔ ደግሞ እየሞላሁ አቀብልሽ ነበር" አሉ። "የጨነቀውን ሰው እህል እያጎረስኩ!" ወዲያው ይሳቁ ወይ ያልቅሱ እንጃ፣ ትከሻቸው ይነቀነቅ ጀመር። እማማ ጥሩዬንም ያው ያዛቸው። ሦስታችን ጓዳ ውስጥ እየሳቅን አለቀስን።

ግን ውጭ ሴቶቹ አሉ። የሺ "ኧረ ምን እየተደረገ ነው? ምጥ ጀመራት እንዴ?" ብላ ትጣራለች። እኔ የእመይቴን ቀሚስ ይዤ "አይውጡ፣ እባክዎ" አልኳቸው። እሳቸው እጄን አስለቅቀው ተነሡ።

"ከዛሬ በኋላ በዚህ ቤት በዝምታ የሚታፈን ነገር የለም" አሉና ወጡ።

ከበሩ ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። ምንም አላሽሞነሞኑትም። "እናንተ፣ ስሙኝ! ልጅ የለም። ይቺን ልጅ ያሳበጣት ናፍቆት ነው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ አፏን ዘግቼ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ነገር የሚያመላልስ ካለ በእኔ ይጀምር።"

ሙቀጫው ቆመ።  ከዚያ የየሺ ድምፅ መጣ። "ታዲያ እመይቴ፣ ይኸን ሁሉ ገብስ ለማን ነው የወቀጥነው?"

"ለእኛው ነዋ! ክንዳችሁ አልዛለም?"

ሳቁ ቤቱን ሞላው። በእኔ ላይ የተሳቀ ሳቅ አልነበረም፤ ጆሮ ይህንን ይለያል። አንዷ "እኔም እዚህ ስዳር አንድ ዓመት ሙሉ ወደ መጣሁበት ዳገት እያየሁ አልቅሻለሁ" ስትል ሰማሁ። ሌላዋ "ማን ያላለቀሰ አለ?" አለች።

ገንፎው ተገነፋ። መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ፈሰሰበት። እመይቴ ከጓዳ አውጥተው መሐላቸው አስቀመጡኝና ማንኪያ አስያዙኝ። ሁሉም ያየኛል። ቅቤው ይሸተኛል፤ እጄ በራሱ ሊሄድ ምንም አልቀረውም።

"ቆይ" አሉኝ እመይቴ፣ ቀስ ብለው፣ ለእኔ ብቻ። "ርቦሻል?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን ጠይቄው አላውቅም። ሆዴን አዳመጥኩት። ሞልቷል። የጎደለው ሌላ ነው። ማንኪያውን አስቀመጥኩና በዚያ መንደር ሰው ፊት የመጀመሪያ ቃሌን ተናገርኩ።

"አልራበኝም። አጫውቱኝ።"

እስከ ዘጠኝ ሰዓት አጫወቱኝ። የሺ የሠርጓን ዕለት በቅሎ እንዴት እንደጣላት ስትናገር ጎኔን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ያን ቀን ጓዳ አልገባሁም። ትዝም አላለኝ።

ተሾመ ከሦስት ቀን በኋላ ደረሰ። ለሕፃኑ ብሎ ከሐረር ቀጭን ጨርቅ ይዞ መጥቷል። እናቱ ደጅ ላይ ሁሉንም ነገሩት። ሲገባ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ "ልጅ ብለህ መጥተህ…" ማለት ስጀምር አቋረጠኝ።

"ለመሆኑ ማንን ለማየት የመጣሁ መሰለሽ?" አለኝ።

እናንተ ይህንን የምታነቡ ሰዎች ሆይ፣ ከዚያ በኋላ ዳነች፣ ጓዳውን ረሳችው ብዬ አልዋሻችሁም። አልረሳሁትም። ተሾመ ወደ ሐረር ሲመለስ ያቺ ማሰሮ ጠራችኝ፤ ሄድኩላትም። ልዩነቱ አሁን የሚሰማኝ ሰው መኖሩ ነው። እመይቴ ያለ ሰዓቱ ወደ ጓዳ ስራመድ ካዩኝ እንዝርታቸውን ሳያስቀምጡ "ብርቄ፣ ማን መጣብሽ?" ይሉኛል። አንዳንዴ "እናቴ" እላለሁ፤ አንዳንዴ "ተሾመ"። ያኔ አጠገባቸው ያስቀምጡኝና ስለ እናቴ ያስወሩኛል፤ ወሬው ሲያልቅ ፍላጎቱም አብሮ ያልፋል። አንዳንዴ ደግሞ "ማንም አልመጣብኝ፣ ዛሬስ ርቦኝ ነው!" እላለሁ። "እንግዲያ ቁጭ ብለሽ ብዪ!" ይላሉ። ቁጭ ብሎ፣ ከሰው ጋር፣ እስኪጠግቡ። ቆሞና ተደብቆ መብላት ግን በቤታችን ቀረ። ውፍረቱ በአንድ ጊዜ አልቀነሰም፤ ዓመት ፈጀ፣ የቀረም ቀርቷል። ትንፋሼ ግን ተመለሰ፤ ቃሩም ለቀቀኝ። እህል የረሃብ መድኃኒት ነው። ናፍቆትን ግን ያስተኛዋል እንጂ አያጠግበውም፤ ሲነቃ ደግሞ ብሶበት ይነቃል። ቤታችሁ ውስጥ ዝም ብሎ የሚበላ ሰው ካለ፣ ሳህኑን ከመንጠቃችሁም ከመሙላታችሁም በፊት፣ እባካችሁ አንድ ጊዜ አጠገቡ ተቀመጡ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ተሾመ ፈቃዱ ሳያልቅ፣ እመይቴ "መልሱ ዛሬውኑ ይደረግ" ብለው ሦስታችንም ወደ መርሐቤቴ ወረድን። ቁልቁለቱ ላይ ብዙ ጊዜ እየቆምኩ አረፍኩ፤ ማንም አላስቸኮለኝም። ወንዙ ጎድሎ ነበር። እናቴ ሩቅ አይታን እየሮጠች መጣች። ይዛኝ፣ ወደ ኋላ አርቃ አየችኝና ፊቷ በደስታ በራ።

"እሰይ! ወፍረሻል! ተመችቶሻል ማለት ነው፣ ተመስገን! እኔ እኮ ዓመቱን ሙሉ ስሰጋ…"

ድሮ ቢሆን አንገቴን ደፍቼ ዝም እል ነበር።

"አልተመቸኝም ነበር እማዬ" አልኳት። "ናፍቀሽኝ ነው።"

እናቴ ደረቷ ላይ ለጠፈችኝ፤ መንገድ መሐል እንደቆምን ተላቀስን። ቤት ስንገባ ማዕዱ ቀርቦ ነበር። ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ አልነካነውም፤ የምናወራው ብዙ ነበር።